ሦስት ጊዜ የተቀባው ቀይ

ሕመሜ የጀመረው በሳል ነው። ደረቅ ሳል። እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ይብስብኝ ስለነበር ጥፋተኛውን ወዲያው አገኘሁት፤ አቧራው ነው አልኩ።

ይሄን የምጽፈው የቲቢ መድኃኒት ለጀመራችሁ ሰዎች ነው፤ በተለይ እንደ እኔ ብቻችሁን ለምትኖሩ። ቴክኒካል ድሮዊንግ አስተማሪ ነበርኩ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቀራንዮ ባለችኝ ሁለት ክፍል ቤት ብቻዬን ነኝ። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሕይወት፣ አግብታ ከከተማው ሌላ ጫፍ ሰሚት ትኖራለች። ጡረታ ስወጣ ቀኑ አላልቅ ሲለኝ አንድ ሥራ ለራሴ ፈጠርኩ፤ ትንሽ አውሮፕላን መሥራት።

አባቴ በወጣትነቱ አንድ አሮጌ የጦር አውሮፕላን ተደግፎ የተነሳው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለኝ። አገራችን መጀመሪያ ከገዛቻቸው ዓይነት ነው፤ ክንፉ ድርብ፣ መቀመጫው ሁለት፣ ጣራ የሌለው። ያኔ ራሱ ጡረታ የወጣ ብረት ነበር። እሱን በአንድ ለአርባ ስምንት ስኬል ልሠራ ተነሳሁ። የሚገጣጠም ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የለም፣ ፕላንም የለኝም። ግን አባቴ አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት እንደነበር አውቃለሁ። ከእሱ ቁመት ተነስቼ ጎማውን፣ ክንፉን፣ አፍንጫውን አንድ በአንድ ለካሁ። አካሉን ከፍራፍሬ ሳጥን እንጨት፣ ክንፉን ከጫማ ካርቶን፣ በሁለቱ ክንፎች መካከል የሚቆሙትን ምሰሶዎች ከስቴኪኒ፣ ጎማውን ከካፖርት ቁልፍ ሠራሁ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ ሴንቲ አይሞላም። ለቀለም የጥፍር ቀለም ነው የምጠቀመው፤ ከግቢዬ ፊት ለፊት ኮስሞቲክስ የምትሸጠው ሙኒራ የደረቀባትን ታስቀምጥልኝ ነበር።

እና ሳሉ ሲመጣ ምን አደረግኩ? ወተት ጠጣሁ። ጋራዥ ቀለም የሚረጩትም፣ ወፍጮ ቤት የሚውሉትም አቧራ ያጥባል ብለው ወተት ይጠጣሉ፤ እኔም ለሦስት ወር በየቀኑ ግማሽ ሊትር ጠጣሁ። የተማርኩት ሰውዬ! ሱሪዬ ሲሰፋ ቀበቶዬን በምስማር በሳሁ። ሌሊት አንሶላው በላብ ሲርስ ብርድ ልብሱን ቀየርኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሳልኩ። ሶፍቱ ላይ ደም አየሁ። ትንሽ ነው። ግን ደም ነው። ወተቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አልጠጣሁትም።

ጤና ጣቢያ አክታዬን ጂን ኤክስፐርት በሚሉት ማሽን መረመሩት፣ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ፊት ለፊት ነገረኝ። «የሳንባ ቲቢ ነው። ሕክምናው ስድስት ወር ነው። በትክክል ከወሰዱት ይድናሉ።» ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቀኝ። ከማንም አልኩት። ከጥቂት ሳምንት መድኃኒት በኋላ ወደ ሰው እንደማላስተላልፍ ነገረኝ። ይሄን ሰማሁት፣ ግን አልገባም። ጆሮዬ ላይ ቀረ።

መድኃኒቱን የምትሰጠኝ ሲስተር በየቀኑ ጠዋት ፊቷ ታስውጠኛለች። አራት መድኃኒት በአንድ ኪኒን ነው፤ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ነገር ነገረችኝ። «ሽንትዎ ቀይ ይሆናል፣ አይደንግጡ። ዓይንዎ ብዥ ካለ ግን ዛሬውኑ ይንገሩኝ።» ስለ ሽንቱ ያለችው ብቻ ቀረልኝ። በነጋታው እንደተባለው ቀይ ሆነ፣ እኔም መድኃኒቱ ሥራ ጀመረ ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሕይወት ወለደች። ሴት። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ።

አልሄድኩም። በስልክ ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። በሳምንቱ ጉንፋኑ አልለቀቀኝም አልኩ። ከዚያ ጉንፋን አለቀብኝና የማስጠናት ሥራ አግኝቻለሁ አልኩ። እውነቱን ብነግራት አራስነቷን ትታ ስትበር ትመጣለች፤ የማውቃት ልጄ ናት። ደግሞም አፈርኩ። ቲቢ የሚለውን ቃል ለልጄ ማውጣት አቃተኝ። እሷ ግን የገባት ሌላ ነው። ያለ እናት የወለደች ልጅ አባቷም ቀረባት። መጀመሪያ በየቀኑ ትደውል ነበር፣ ከዚያ በሁለት ቀን፣ ከዚያ ዝም። ማንን ልውቀስ? እኔው ነኝ።

ቀኖቹ እንዲህ ነበሩ፦ ጠዋት ማስክ አድርጌ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ቤት፣ በሩ ይዘጋል። ብርጭቆዬን ለብቻ አስቀመጥኩ፣ ሊጠጣበት የሚመጣ ሰው እንዳለ ሁሉ። ለአውሮፕላኑ አወራ ጀመር። ክንፎቹን የሚያያይዙትን ሽቦዎች በልብስ ክር ስወጥር «ጠበቅ በል እንጂ» እለዋለሁ። የፊት መስታወቱን ደግሞ ከራጄ ጠርዝ ቆረጥኩት፤ ራጅ በበረኪና ሲታጠብ ጥቁሩ ይለቅና እንደ መስታወት ይጠራል። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ጅራቱ ላይ ደረስኩ። የፎቶው ጅራት ላይ ሦስት ቁም መስመር ይታያል፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ መሆኑን መገመት አያቅትም። አረንጓዴውንና ቢጫውን ቀባሁ። ቀዩን ስቀባ ቡና ዓይነት ሆነ። ቀለሙ ተበላሽቷል አልኩና ደጅ ወጥቼ ሙኒራን ከመንገዱ ማዶ ጠራኋት። ሌላ አመጣችልኝ። ቀባሁ። ያው ቡና። ሦስተኛውን ይዛ ስትመጣ አዲስ ነበር፣ ያልተከፈተ። ደርቤ ቀባሁበት። ያው።

«እንዴ ሙኒራ! ቀይ ነው ያልኩሽ፣ ምን ነካሽ?» ብዬ ጮህኩባት። በዚያ ሁሉ ሳምንት ከሰው ጋር ያወራሁት ረጅሙ ነገር ይሄ ቁጣ ነው።

አውሮፕላኑን በበሩ ክፍተት ተቀበለችኝና አገላበጠችው። «ጋሼ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ሦስቱም ቀይ ናቸው። ደም የመሰለ ቀይ። ምን ሆነዋል እርስዎ?»

ሽንቴ ትዝ አለኝ። ከቀናት በፊት ቀይነቱን ትቶ ነበር፤ ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የስልኬ ጽሑፍ ብዥ ብሎብኝ ነበር፤ መነጽሬ አርጅቷል ብዬ ነበር። ለሁሉም መልስ ነበረኝ አላልኳችሁም?

ሙኒራ ሱቋን ዘጋች። ማስክ አድርጋ ጤና ጣቢያ ድረስ ይዛኝ ሄደች። ሲስተር አንድ ጊዜ ሰምታኝ ቶሎ ሐኪሙን ጠራችው። በዚያው ቀን ሪፈር ተጽፎልኝ ዓይን ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። በነጠብጣብ መካከል ቁጥር የተደበቀበት መጽሐፍ ፊቴ ዘረጉ። ቁጥሩን ሙኒራ ከኋላዬ ቆማ ታየዋለች። እኔ አላይም። ገጹ ተገለጠ። አላይም። ሌላም። አላይም።

«ኢታምቡቶል የዓይን ነርቭዎን ነክቶታል» አለች ሐኪሟ። «ብዙ ሰው ላይ አይመጣም። የእርስዎ ኩላሊት ደከም ስላለ መድኃኒቱ ሰውነትዎ ውስጥ ተጠራቅሞ ይሆናል።»

«ይመለሳል?» አልኳት።

«ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሁልጊዜ አይደለም። በጊዜ መምጣትዎ ጥሩ ነው። ቀለሙን ማን ነገረዎት?»

ሙኒራን አሳየኋት።

ኢታምቡቶል ቆመ። እልኼ መጥቶ ሁሉንም ላቆም ነበር፤ ሳንባ ድኖ ዓይን ከጠፋ ምን ያደርግልኛል አልኩ። ሲስተር ተቆጣችኝ። «ያቆምነው አንዱን ነው። ሌሎቹን ካቋረጡ ቲቢው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል። ያኔ ነው ጉዱ!» እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም፣ ስለዚህ አውሮፕላኑን ሳልጨርሰው መስኮቱ ላይ፣ ጅራቱ ወደ አልጋዬ እንዲዞር አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ጠዋት ነቅቼ የማየው የመጀመሪያው ነገር ያ መስመር ሆነ። ቡና። በማግስቱም ቡና። ሙኒራ ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት በሩን እያንኳኳች «ዛሬስ?» ትለኛለች፣ እኔም «ያው ነው» እላታለሁ፣ እሷም «ይመጣል ጋሼ» ብላ ትሄዳለች። ይህቺ ሁለት ቃል ቀኑን ሙሉ ታውለኝ ነበር። ሳሉ ጠፋ፣ ቀበቶዬ ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመለሰ፣ አክታዬ ነጻ ሆነ፤ ሐኪሙ ለማወዳደር የድሮውን ራጅ አምጣ ሲለኝ ጠርዙ የተቆረጠ ራጅ አቀረብኩለትና እስኪበቃው ሳቀብኝ። መስመሩ ግን ቡና ነበር።

በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ አየሁት። ደማቅ አይደለም፤ እንደ አሮጌ ጡብ ነው። ግን ቡና አይደለም። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። ነበር። ተነስቼ በመስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ቀይ ነው።

ስልኬን አነሳሁና ለሕይወት ደወልኩ። ሃሎ ሳልል «ቀይ ነው!» አልኳት።

«ምኑ አባዬ? ምን ሆንክ?»

ነገርኳት። ከሳሉ ጀምሬ፣ ደሙን፣ ቲቢውን፣ ዓይኔን፣ የዋሸሁትን ሁሉ። መሐል ላይ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም አልቀረሁም። «እኔኮ ልጄን ማየት ያልፈለግክ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። በሕመሜ ሁሉ ከሰማሁት ይሄን የሚያህል አላመመኝም።

በማግስቱ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። እሷም ባሏም ልጅቷም ተመረመሩ፣ ነጻ ናቸው። ልጅቷ ቀራንዮ ስትደርስ አራት ወር ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። ስትወለድ የነበራትን ፊት አላየሁትም። እሱ በመድኃኒት አይመለስም።

አሁን ድኛለሁ። ስድስት ወሩን ጨርሻለሁ፣ ዓይኔም ከነጠብጣቦቹ መካከል ቁጥሮቹን ያያል፣ ከሁለቱ በቀር። አውሮፕላኑንም ጨርሼዋለሁ። የሚያውቅ ሰው ቢያየው ጅራቱ ላይ ቀዩ ወፍራም ነው፣ ከስኬል ውጭ ነው ይላል። ልፋቀው አልፈለግኩም። ለልጅ እግሩ ሐኪም፣ ለሲስተር፣ ለዓይን ሐኪሟ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ሙኒራን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም፤ ስጀምር «ይተውት ጋሼ» ትለኛለች።

ለእናንተ የምለው ትንሽ ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ ወተቱን ተዉትና ተመርመሩ። ራጃችሁን አትቁረጡ። መቼ ከሰው መቀላቀል እንደምትችሉ ጠይቁ፣ የተነገራችሁንም እመኑ፤ እኔ ባለማመኔ ራሴን በከንቱ ቀጣሁ። ኢታምቡቶል የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀይ ነገር ጠዋት የምታዩበት ቦታ አስቀምጡ፣ ለውጥ ካያችሁ በዚያው ቀን ለሐኪም ንገሩ። ግን ቀዩ ብቻውን አይበቃም። እኔ ሦስት ጊዜ ቀብቼው አላወቅኩም። ይሄ ምን ቀለም ነው ብላችሁ የምትጠይቁት ሰው ይኑራችሁ። በሩን ክፈቱለት።