ራዲሻ ኮምፒዩተሩን ለምን አሳደሰ

እስቲ ያን ደረጃውን የሚወጣውን ሰውዬ እዩት። አሳንሰሩ ከተበላሸ ከርሟል፤ እስከ አራተኛ ፎቅ በእግሩ ነው። ብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ አያያዙ እንቁላል የያዘ ያስመስለዋል። ስሙ ራዲሻ ትራይሎቪች ይባላል፤ ከመዳብ ማዕድኑ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጋዜጣው ውስጥ ያለው ደግሞ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ጌም።

መሳቅ የፈለገ አሁኑኑ ይሳቅና ይገላገል። ከተማችን ቦር በሙሉ ስቆበታል። “ስልሳ ሊሞላው ጌም ይጫወታል!” የሚሉት እነማን መሰሏችሁ? ከጠዋት እስከ ማታ ውርርድ ቤት ተጎልተው፣ ካርታ ላይ እንኳ በማያውቁት አገር ኳስ የሚያስይዙ ሰዎች ናቸው። የነሱ ቁም ነገር፣ የሱ የልጅ ጨዋታ!

ራዲሻ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለው፤ ሲኒሻ። እሱም እንደ እኩዮቹ ትምህርቱን ጨረሰ፣ ካፌ ለካፌ ዞረ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ኦስትሪያ ገባ። ሊንዝ ነው፣ መጋዘን ይሠራል። እኛ መዳብ ቆፍረን እንልካለን፣ ልጅ ወልደን እንልካለን፤ ለኛ የሚቀረን ጉድጓዱ ነው።

አባትና ልጅ በስልክ መነጋገር አይሆንላቸውም። “እንዴት ነህ?” “ደህና፣ አንተስ?” “ደህና። በል እናትህን እንካ።” በቃ፣ አለቀ። በዚያ የከባድ መኪና ጌም ውስጥ ግን እሑድ እሑድ ይገናኛሉ፤ አባት ከዚህ፣ ልጅ ከዚያ፣ ሁለት መኪና ተከታትለው እየነዱ ያወራሉ። ራዲሻ ዕድሜውን ድንጋይ ሲጭን የኖረ ሰው ነው፤ መሪ ካልጨበጠ ምላሱ አይፈታም። ሲኒሻ ከአንዲት ሴት ጋር መኖር መጀመሩን የነገረው እዚያ መንገድ ላይ ነው። እናቱ ደሳንካ እንኳ ወሬውን የሰማችው ከባሏ ነው።

ከዚያ ጌሙ ታደሰ፤ አዲሱን ደግሞ ያ አሮጌ ኮምፒዩተር መሸከም አቃተው። የራዲሻ መኪና ትዘልና ትቆማለች፣ ትጠፋለች፣ ከዚያ መንገድ መሐል ተጋድማ ትገኛለች። የሲኒሻ ጓደኞች ከኋላ፣ “ይሄን ሽማግሌ አንሱልን!” እያሉ ይጮሃሉ። አንድ እሑድ ሲኒሻ ራሱ፣ “አባዬ፣ ለዛሬ በቃ ውጣ፤ ሰው እያስቸገርክ ነው” አለው። ራዲሻም ወጣ።

ልጁ አዲስ ልግዛልህ ቢለው አሻፈረኝ አለ። በማግስቱ ሣጥኑን ተሸክሞ ገበያው ሥር ወዳለው ጠጋኝ፣ ወደ ዢኪጻ ወረደ።

“ራዲሻ ወንድሜ፣ ይቺን ቅበራትና ንፍሮዋን እንብላ” አለው ዢኪጻ ክዳኑን ከፍቶ። “አቧራዋ ብቻ ድንች ያበቅላል።”

“ቀልዱን ተወውና የሚያስፈልጋትን ንገረኝ።”

“ሜሞሪ እንጨምርላት። ይሄን የሚያንኮራፋ ዲስክ አውጥተን ፈጣኑን እንክተትላት። ካርድ ያገለገለ ፈልግና አምጣልኝ። ግን ስማኝ፣ ካርዱ እንደ ምድጃ ነው የሚግለው። አየር ትፈልጋለች። ምንም ነገር እንዳታለብሳት።”

“ገባኝ።”

“ለደሳንካም ንገራት።”

“ገባኝ አልኩህ እኮ!”

አልነገራትም። የኛ ወንድ ለሚስቱ ስለ ማሽን ማስረዳት ሞት ይመስለዋል። ስትጠይቀው “አንቺ አይገባሽም” ይላል፤ ሳይገባት ሲቀር ደግሞ ይናደዳል።

ያም ሆነ ይህ ኮምፒዩተሩ ነፍስ ዘራ። እኔ ፊት ለፊታቸው ነኝ የምኖረው፤ በሬን ደብድቦ እንዳይ ጠራኝ። “ዝናቡ መስታወቱ ላይ ሲወርድ እየው!” አለኝ። “የልጄን ታርጋ ከኋላ ሆኜ አነበብኩት እኮ!” ያን ሰው እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

የቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት የቤታቸው ዝክር ነው፤ ስላቫ። ለስላቫ ጥሪ የለም፤ የሚመጣ ይመጣል። ባለቤቱ ያን ቀን አይቀመጥም፤ ቆሞ ያስተናግዳል። የዝክሩን ዳቦ የሚቆርሰውም እሱ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር ነው። ሲኒሻ ፈቃድ አላገኘም፤ “በጌሙ እንገናኝ፣ እንግዶቹንም በድምፅ ማጉያው ሰላም እላቸዋለሁ” አለ። ራዲሻ የጌሙን መሪ ቡፌው ላይ አሰረው፤ ቆሞ ሊነዳ።

ደሳንካ ግን እንግዳ ፊት ራቁቱን የሚብለጨለጭ ሣጥን እንዴት ትተው? በዚያ ቤት ቴሌቪዥኑም ስልኩም ዳንቴል ለብሶ ነው የኖረው። ወፍራሙን ዳንቴል አለበሰችው። አበልጃቸው ቪዶዬ ደግሞ ዓሣውንና ራኪያ አረቄውን ይዞ እዚያው አጠገብ ተሰየመ።

“ደሳንካ! ይሄ ነገር ወገቤ ላይ ይነፋል! ኩላሊቴን ብርድ ሊመታው ነው፣ ልትገድሉኝ ነው?”

“ውይ፣ አፈር በበላሁ!” ብላ ሮጠች፤ ዳንቴሉን አጣጥፋ፣ ትራስ ጨምራ፣ የሚነፋውን ቀዳዳ ወተፈችው። ቤት ሙሉ ሰው ነበር። ሁሉም ከነፋስ የዳነ መሰለው።

ሲኒሻ መጣ። “እንኳን አደረሳችሁ!” አለ፤ ብርጭቆ ተነሣ። ሁለቱ መኪኖች ተከታትለው መጓዝ ጀመሩ፤ ቆየት ብሎ ቪዶዬ አላስችለው አለ።

“አንተ ሲኒሻ! አባትህ አርጅቷል። የሚመጣው ዓመት ዳቦውን የምትቆርሰው አንተ ነህ። ወይስ እዚያው ጀርመን ሆነህ ቀረህ?”

“ኦስትሪያ ነው፣ ጋሽ ቪዶዬ።”

“ያው ነው፤ ሁሉም ቋሊማ በላ!”

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ሲኒሻ አልሳቀም። ከዚያ፣ “አባዬ” አለ፣ “ልነግርህ ፈልጌ ሳልችል ቀርቼ ነው። እዚሁ ልቀር ነው። ዝክሩን እኔ አልረከብም። አትጠብቀኝ።”

ራዲሻ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። “ልጄ” አለ። ቀጥሎ ሊናገር አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ጨለመ። ሣጥኑ ታፍኖ፣ ግሎ፣ ጠፋ።

እስኪበርድ ጠብቀው ሲያስነሱት ሲኒሻ መንገዱ ላይ አልነበረም። ስልኩንም አላነሳም። አባቴ ተቆጥቶ ዘጋብኝ ብሏል። ደሳንካ እያለቀሰች ስለ ዳንቴሉና ስለ ትራሱ ጻፈችለት። “እማዬ ተይው፣ ሁልጊዜ ለሱ የምትዋሺለት አንቺ ነሽ” ብሎ መለሰላት። ቀጥሎ ቁጥሩን ቀየረ።

እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ቪዶዬ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት እየዞረ፣ “ራዲሻ ልጁን ሰው ፊት ቆርጦ ጣለው! ወንድ ማለት እሱ ነው!” ይላል። ጌም ይጫወታል ብለው ሲስቁበት የነበሩት አሁን ትከሻውን ይመቱታል፤ ባልሠራው ክፋት ያከብሩታል። ልጁን ጠላ ብለው ማመን እንዴት ቀለላቸው!

“ምን ልትለው ነበር?” ብዬ ጠየቅኩት።

“‘ይሁን’ ልለው ነበር” አለኝ። “ይሁን፤ ቆሜ እስካለሁ ዳቦውን እኔ እቆርሰዋለሁ። አንተ ብቻ እሑድ እሑድ አትጥፋ፤ ልለው ነበር።”

ኮምፒዩተሩ አሁን አንዴ እንኳ አይደናቀፍም። እሑድ ሲሆን ራዲሻ መኪናውን ከመንገዱ ዳር ያቆማል፣ መብራቷን ያበራል፣ ይጠብቃል። የማያውቃቸው ሰዎች መኪኖች ያልፉታል።

ሊንዝ ዘመድ ያላችሁ፣ ወይም እናንተም በዚያ ጌም መንገድ የምትነዱ፣ ሲኒሻ ትራይሎቪች የሚል ስም ካያችሁ ጡሩምባ ንፉና አስቁሙት። እናቱን አላመናትም፤ ባዳ ያምን ይሆናል። አባትህ አልዘጋብህም፣ “ይሁን” ሊልህ ነበር በሉት። እባካችሁ ንገሩልን።