ወራባውን እንቢ ያልኩበት ቅዳሜ

ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያን ውርርድ የገባሁት በንዴት ስለሆነ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ከጎጃም ሐረር ተመደብኩና ለአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ጀመርኩ፤ ፈላና በር አጠገብም አንዲት ክፍል ተከራይቼ ገባሁ። የመጀመሪያ ዓመቴ ስለነበር ተማሪዎቼን ሁሉ አንድ ሳይቀር የማሳልፍ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱ ግን ክፍል አይመጡም። ለአገር አቀፉ ፈተና አራት ወር ቀርቷል፤ እኔ ጠዋት ጠዋት «ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ቁጥር አሥራ ስምንት» እያልኩ እጣራለሁ፤ የሚመልስልኝ የልጆቹ ሳቅ ነው። አንዷ ተማሪ እንዲያውም ሥራ ላይ ናቸው ብላ አሾፈችብኝ።

ሥራቸውን ያየሁት ባዶ ክፍለ ጊዜ ያገኘሁ ዕለት ነው። ለማሳጠር የሰጠሁትን ቀሚስ ልቀበል ጀጎል ውስጥ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ወደ መኪና ግርግር ወረድኩ። እዚያ የስፌት መኪናው ድምፅ ከግራም ከቀኝም ስለሆነ ሰው የሚነጋገረው እየጮኸ ነው። ከልብስ ሰፊዬ ፊት ለፊት ካለችው ጠባብ ጌም ቤት ግን ከመኪናዎቹ የባሰ ጩኸት ሰማሁ። አንገቴን ባስገባ፣ ቁጥር አሥራ ሰባትና ቁጥር አሥራ ስምንት አግዳሚ ወንበር ላይ ተለጥፈው ቴሌቪዥን ላይ አውሬ ያዋጋሉ። አጭሩ ሲያየኝ፣ እኔም እያየሁት፣ ጆይስቲኩን ከጀርባው ደበቀ።

አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩባቸው። አጭሩ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ረጅሙ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ስጨርስ ያልጠበቅሁትን ተናገረ።

«ቲቸር፣ እዚህ የሚያሸንፈን የለም። ክፍል ውስጥ ግን ሁልጊዜ ተሸናፊ ነን።»

ብልህ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያስብበታል። እኔ ግን «እኔ አሸንፋችኋለሁ» አልኩ። ሦስት ሳምንት ስጡኝ፤ ካሸነፍኩ እስከ ፈተናው ድረስ ጌም ቤት አትረግጡም፣ ከክፍልም አንድ ቀን አትቀሩም አልኳቸው። ብትሸነፊስ ብለው ሲጠይቁኝ ደግሞ ሁለተኛ ቁጥራችሁን አልጠራም፤ በየቀኑ እንደመጣችሁ አድርጌ ምልክት አደርጋለሁ አልኩ። ይህን ስናገር የገዛ ጆሮዬ ደነገጠ። ብሸነፍ በመዝገቤ ላይ ውሸት ልጽፍ ነው፤ ልጆቹም ያልተማሩትን ፈተና ሊቀመጡ ነው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ጨዋታው ሁለት ለሁለት ነው። እያንዳንዱ ሰው ሦስት አውሬ ይመርጥና አንድ አንዱን እያወጣ ከአጋሩ አውሬ ጎን ያሰልፋል፤ የወደቀው ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ አውሬ ያለቀበት ወገን ተሸነፈ። ስለዚህ አጋር ያስፈልገኝ ነበር። ከመምህራኑ የጠየቅሁት ሁሉ ሳቀብኝ። የጌም ቤቱ ባለቤት ደግሞ ዳኛ ነው። ተስፋ ቆርጬ ያን ዕለት ሳልቀበል የተመለስኩትን ቀሚስ ልወስድ ስሄድ ልብስ ሰፊው ጉንጫቸው በጫት እንደተወጠረ መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የጀጎል ተወላጅ ናቸው፤ የተነጋገርነውን ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ሰምተዋል።

«አቦ መምህርት» አሉ ከመርፌው ቀና ሳይሉ፣ «አጋር ከጠፋ እኔ አለሁ።»

የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ደንበኛ በዘገየ ቁጥር መንገዱን ተሻግረው መጫወት ከጀመሩ ዓመታት ሆኗቸዋል። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ አውሬዎቹን የሚያውቋቸው በቀለማቸውና በጠባያቸው ነው።

በማግሥቱ ልምምድ ጀመርን። በየአውሬው ሥር ጉልበቱ በቁጥር ተጽፏል። የሒሳብ መምህርት ቁጥር አይታ እንዴት ትሳሳታለች? ከፍተኛ ከፍተኛውን ለቀምኩ። ሦስቱም እሳት የሚተፉ ዘንዶዎች ሆኑ። ከሰፈር ልጆች ጋር ስንገጥም ጉልበቱ የእኔን ሲሶ የማይሆን፣ ውሃ የሚረጭ ዓሣ መሳይ ፍጥረት መጣና ዘንዶዎቼን በተራ በተራ አጠፋቸው። ጆይስቲኩን ወርውሬ ተነሣሁ። እሳቸው አንስተው በሽርጣቸው ጠረጉት።

«ሦስቱም አንድ ናቸው» አሉኝ። «አንዱን የገደለ ሁሉንም ገደለ።»

ከዚያ ወደ ሱቃቸው ወስደው ለጥገና የመጣ ኮት አሳዩኝ። ላዩም ገበሩም ውድ ጨርቅ ነው፤ ነገር ግን ሲታጠብ ገበሩ ተኮማትሮ ላዩን ጨማድዶታል። ጥሩና ጥሩ ስለተገናኘ ብቻ ጥሩ ልብስ አይወጣም አሉ። አውሬ ስትመርጪ ምን ይችላል ብለሽ አትጀምሪ፤ ምን ይፈራል በይ፤ ያንን የማይፈራውን አጠገቡ አቁሚለት። እኔ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ ድር ብቻውን ጨርቅ እንደማይሆን፣ ማግ እንደሚፈልግ ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ያን ማታ ደብተር አውጥቼ ሰንጠረዥ ሠራሁ። በአንዱ በኩል አውሬዎቹን፣ በሌላው የሚፈሩትን ጻፍኩ። የአንዱ ክፍት ቦታ በሌላው ሲሞላ የሚሰጠውን ደስታ ሒሳብ የሚወድ ሰው ያውቀዋል። ሁለት ዘንዶ አሰናብቼ፣ ያን ያዋረደኝን ዓሣ መሳይ በአንዳቸው ቦታ፣ ዓሣው የሚፈራውን የማይፈራ ሌላ አውሬ ደግሞ በሁለተኛው ቦታ ቀጠርኩ። ልብስ ሰፊው እግሩ መሬት የማይነካ ትልቅ ወፍ ነበራቸው፤ እሱን ከዓሣው አጠገብ አቆምነው። ከዚያ በኋላ የሰፈሩን ልጆች ማሸነፍ ጀመርን።

የተማሪዎቼን ሰልፍ በሰንጠረዡ ስመረምረው ግን አደነቅኋቸው። ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ መደመር የሚያቅታቸው ልጆች እንዲህ ያስባሉ ብዬ አላሰብኩም። ረጅሙ የሚያሰልፈው ግዙፍ አውሬ ሲረግጥ መሬቱን ያናውጠዋል፤ ነውጡ ሜዳ ላይ ያለውን ሁሉ፣ የራሱን አጋር ሳይቀር ይጥላል። አጭሩ ግን የሚያሰልፈው ጂኒ ነው። ጂኒው በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ነውጡ አይነካውም፤ ዱላም ያልፈዋል እንጂ አያርፍበትም። በሰንጠረዤ ላይ ጂኒው የሚፈራው አንድ ፍጥረት ብቻ ነበር። እሱም ከዝርዝሩ መጨረሻ፣ ከትንሽ ቁጥር ጋር የተቀመጠ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ነጠብጣብ ያለበት አውሬ ነው። የጌም ቤቱ ልጆች በሐረሪ ወራባ ይሉታል፤ ጅብ ማለታቸው ነው።

እጄ አይነካውም አልኩ። እኔ ባደግሁበት አገር ከመሸ ጅብን በስሙ አይጠሩትም፤ ቡዳና ጅብ አብረው ነው የሚነሡት። እናቴ ጩኸቱን ስትሰማ አማትባ በሩን ሁለት ጊዜ ትዘጋለች። አሁን እኔ በገዛ እጄ ጅብ ልመርጥ ነው? ልብስ ሰፊው በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው እንደማያውቁ አፍጥጠው አዩኝ።

«ጅን የሚበላውን ትተሽ ጅንን በምን ልትመቺው ነው?» አሉ። «ግንቡ ላይ ለሰው በር አለ፣ ለወራባ ደግሞ ቀዳዳ አለ። ለምን የተተወለት ይመስልሻል? ገብቶ ከተማውን ከጅን እንዲያጠራልን ነው፣ ወላሂ።»

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የሚያውቁት አገር ሰዎች ራሳቸው ቁርበት ሲያነጥፉለት ግን ገና ማየቴ ነው አልኳቸው። ቀልድ ነበር፤ አነጋገሬ ግን የቀልድ አልነበረም። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። በሦስተኛው ቀን ሌላ ስልት ይዤ መጣሁ፤ ጂኒውን ትተን መጀመሪያ ሌሎቹን እንጨርስ፣ ብቻውን ሲቀር ሁለት ለአንድ እንሆናለን አልኩ። ሰሙኝና «እሺ፣ ልብሱ ያንቺ ነው» አሉ። ይህን የሚሉት አያምርም ያሉትን ልብስ ካልሰፉልኝ ለሚል ደንበኛ ነው።

ቅዳሜ ጌም ቤቷ ሞልታ ሰው ወደ መንገዱ ተረፈ። ግማሹ ክፍሌ እዚያ ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው በየበራፉ ቆሙ፤ ያንን መንገድ ጸጥ ብሎ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ውርርዱን ያሸንፋል፤ በዙርና በዙር መሃል አውሬ መቀየር ይፈቀዳል።

የመጀመሪያው ዙር በስልቴ ሄደ። ግዙፉን ጣልነው፣ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ጣልን፤ በመጨረሻ ጂኒው ብቻውን ቀረ። ከዚያ ዓሣው ረጨ፣ ውሃው አለፈው። ዘንዶዬ ተፋ፣ እሳቱ አለፈው። ወፉ ወረደ፣ ወፉም አለፈው። አንድ ጂኒ የቀሩንን አውሬዎች በሙሉ ሳይቸኩል ለቀማቸው። ክፍሌ ጮኸ። ረጅሙ ወደ እኔ ዞሮ «ይቅርታ ቲቸር» አለኝ፤ ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር። እነዚህን ልጆች በእኔ ግትርነት ልነጠቃቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ልብስ ሰፊው ነግሬሽ ነበር አላሉኝም። ጆይስቲካቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ቢናገሩኝ ኖሮ እልኸኛ ነኝና እስከ መጨረሻው እንቢ እል ነበር።

«አምጡት እሱን» አልኩ።

«የቱን?» አሉ። አውቀው ነው።

«ወራባውን፣ ጋሼ።»

እሳቸው ቢስሚላህ አሉ፣ እኔ አማተብኩ፣ ወራባው በቀረው ዘንዶዬ ቦታ ገባ። ሲያዩት የበራፉ ልብስ ሰፊዎች ተንጫጩ። ጂኒው እንደለመደው እየተንሳፈፈ መጣ። ጎባጣው አውሬ ዘለለና ነከሰው፤ ንክሻው አላለፈም፣ ያዘ። አጭሩ ጆይስቲኩን ደጋግሞ ተጫነ፣ ጂኒው ግን አልነበረም። ከውጭ አንድ ሽማግሌ «በላው!» ሲሉ መንገዱ በሳቅ ተናጋ። ሁለተኛው ዙር የእኛ ሆነ።

ከሦስተኛው ዙር በፊት ልጆቹ ጥግ ይዘው ተመካከሩ። ሲመለሱ አጭሩ ጂኒውን አስወጥቶ ነበር። በቦታው ያስገባው ከዝርዝሩ ሁሉ ቁጥሩ የሚበልጠውን እሳት ተፊ ዘንዶ ነው። የእኔን ስሕተት ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ግዙፉና ዘንዶው ጎን ለጎን ቆሙ። አሁን ረጅሙ መሬቱን ቢያናውጥ የራሱ አጋር ይወድቃል፤ ባያናውጥ ግዙፉ ሌላ ሙያ የለውም። ረጅሙ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ጣቱን ከጆይስቲኩ ላይ አነሣ። አጋሩን ላለመጣል ብሎ ነው፤ እኔም እየተዋጋሁት ስለዚህ ወደድኩት። ግን አልራራሁለትም። ዓሣው ዘንዶውን አጠፋው፣ የልብስ ሰፊው ወፍ ከላይ ወርዶ ግዙፉን ጨረሰው፤ የቀሩትን እየተቀባበልን አወረድናቸው። ወራባዬ በዚያ ዙር አንድ ጊዜ እንኳ አልወጣም፤ ስሙ ብቻ ነው የተዋጋልን።

እልልታዬን አቀለጥኩት። በተማሪዎቼ ፊት፣ በጌም ቤት መሃል፣ አንዲት የመንግሥት መምህርት። በሕይወቴ ከዚያ በላይ የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው። ልብስ ሰፊው ማሻአላህ ብለው ተነሡ፤ የሚጠብቃቸው ሱሪ ነበር።

እሑድን ሰንጠረዤን ገልጬ ዋልኩ፤ በአውሬዎቹ ፋንታ ግን የሁለቱን ልጆች የፈተና ወረቀቶች አስገባሁበት። ረጅሙ ሥዕል ያለበትን ጥያቄ ሁሉ ይሠራል፣ ቀመር ሲያይ ይፈራል። አጭሩ ቀመርን ይደፍራል፣ ማዕዘን ያስደነግጠዋል። ስለዚህ አንድ ወንበር ላይ አስቀምጬ አንዱ ሌላውን እንዲያስጠና አደርጋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ሐምሌ ላይ ሁለቱም አልፈው ውጤታቸውን ሊያሳዩኝ መኪና ግርግር ድረስ መጡ፤ ልብስ ሰፊውም ከእኔ እኩል ተኩራሩ።

እኔ ግን የማልረሳው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የመጣውን ሰኞ ነው። ጠዋት መዝገቡን ይዤ ገባሁ። ጥሪ ጀመርኩ። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት።

«ቁጥር አሥራ ሰባት።»

«አቤት።»

«ቁጥር አሥራ ስምንት።»

«አቤት፣ ቲቸር።»

ምልክቱን አደረግሁ። ከዚያ ያልሰማሁ መስዬ ሁለቱንም እንደገና ጠራኋቸው።