በባዶው አዳራሽ ሀቢሶ ያስቆመው ግጥሚያ

ሀቢሶ ከመሰደዱ በፊት ዱራሜ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበር። ጆሃንስበርግ ሲገባ ግን የነርስነት ወረቀቱን የሚያይለት አላገኘም፤ እንደ ብዙዎቻችን አሌክሳንድራ በሚባለው ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ዳቦና ዘይት በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ እያቀበለ ከሚስቱ ከኤርጎጌ ጋር ሰባት ዓመት ኖረ። እኔ የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ይህንንም የነገረኝ ከብዙ ጉትጎታ በኋላ ነው።

ወደ ቦክስ ያስገባው ባባ ማሴኮ የሚባል የሰፈሩ አሰልጣኝ ነው። አንድ ቀን ቅንድቡ የተተረተረ ሉንጋ የሚባል ቦክሰኛ አስከትሎ ውኃ ሊገዛ መጣ። ሀቢሶ ቁስሉን ሲያይ አላስቻለውም፤ ከፍርግርጉ ወጥቶ ጠረገና ጠርዙን ገጥሞ አሸገለት። ከዚያ ወዲህ ባባ ማሴኮ ግጥሚያ ባለ ቁጥር ይወስደው ጀመር። ግጥሚያው የሚደረገው ከጀፕስታውን ሰፈር ብዙም በማይርቀው ትልቅ አዳራሽ ነው፤ አንድ ቀን ቅርጫት ኳስ፣ ሌላ ቀን ኮንሰርት በሚታይበት። የሀቢሶ ሥራ ከሉንጋ ጥግ ቆሞ በዙርና በዙር መካከል ባለችው አንድ ደቂቃ ደም ማቆም ነበር። ሉንጋ ዶክተርን አሳጥሮ «ዶክ» ይለዋል።

ኮሮና መጣና አዳራሹ ተዘጋ። በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ደግሞ በሰፈሩ የሱቅ ዘረፋ ተነሳ።

እኩለ ቀን ላይ ሰዉ መንገዱን ሞልቶ መጣ። የሱቁን ፍርግርግ በሰንሰለት ከመኪና ጋር አስረው ነቀሉት። ኤርጎጌ በጓሮ ወጥታ ጎረቤት ቤት ገባች። ሀቢሶ ግን በሩ ላይ ቆመ። ለምን እንደቆመ ዛሬም አያውቅም። ድንጋይ ትከሻውን መታው፣ ዱላ ክንዱ ላይ አረፈ። ያኔ በግርግሩ መሃል ሉንጋን አየ።

«ሉንጋ! ወንድሜ፣ ንገራቸው እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

ሉንጋ ተጠጋው። ማስኩ አገጩ ሥር ወርዷል። በቀኝ እጁ መንጋጋውን አለው። ሀቢሶ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሁለት ጥርሱን ከነደሙ ሲተፋ፣ ሉንጋ የማቀዝቀዣውን አንድ ጎን ተሸክሞ በላዩ ላይ ተራምዶ ወጣ።

መንጋጋው በሽቦ ታሰረ። ስድስት ሳምንት ሾርባ በስትሮ እየመጠጠ ከረመ። ማን እንደመታው ከኤርጎጌ በቀር ለማንም አልተናገረም። ስለዚህም ባባ ማሴኮ ምንም ሳያውቅ ጥቅምት ላይ ደወለለት። ሉንጋ ሊጋጠም ነው፤ ጥግ የሚቆም ሌላ ሰው የለም።

«ለዚያ ሰው ደም ልትጠርግ ነው?» አለችው ኤርጎጌ።

«ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።»

«አይተህስ?»

በግጥሚያው ቀን ሄደ።

በልብስ መቀየሪያው ክፍል ሉንጋ ሲያየው አቀረቀረ። «ዶክ፣ ያን ቀን…» ብሎ ሲጀምር ባባ ማሴኮ ጓንቱን ይዞ ገባ፤ ነገሩ እዚያው ቀረ።

በኮሮናው ሕግ ተመልካች አይገባም። ከካሜራ ሠራተኞችና ከዳኞቹ በቀር ያ ሁሉ ወንበር ባዶውን ተደርድሯል። ሕዝብ ሲሞላ የማይሰማ ነገር ሁሉ እዚያ ይሰማ ነበር፤ ጓንት ጎድን ላይ ሲያርፍ፣ ትንፋሽ ሲቆረጥ፣ ደም የሞላው አፍንጫ ሲያንቋርር። ተጋጣሚው ከደርባን የመጣ እጀ ረጅም ሰው ነው። በአራተኛው ዙር የሉንጋን ቅንድብ ሰነጠቀው።

ሉንጋ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። ደሙ ዓይኑን ደፍኖ ደረቱ ላይ ይወርዳል።

«ደሙን አቁምልኝ ዶክ፤ እባክህ። ይሄን ካሸነፍኩ ቀጥሎ ለሻምፒዮናው ቀበቶ ነው የምጋጠመው።»

ሀቢሶ መድኃኒት የነከረውን ጥጥ ቁስሉ ውስጥ ከትቶ ከሚያስፈልገው በላይ ተጫነ። ሉንጋ አቃሰተ። ሀቢሶ እጁን አላቀለለም። ደሙ ግን ቆመ።

አምስተኛው ዙር አለፈ። በስድስተኛው የደርባኑ ሰው ያንኑ ዓይን ደጋግሞ ቀጠቀጠው፤ ሉንጋ በገመዱ ተደግፎ ነው ደወሉን የሰማው። ሀቢሶ ከዓይኑ ሥር በአውራ ጣቱ ዳበሰው። አጥንቱ ተንቀሳቀሰ። ወዲያው የመድረኩን ሐኪም ጠራ።

«አጥንቱ ተሰብሯል። አንድ ቡጢ ከደገመው ዓይኑ ይጠፋል» አለ።

ሐኪሙ ነካክቶ አየና ለዳኛው እጁን አወዛወዘ። ግጥሚያው ቆመ።

«ተበቀልከኝ!» ሉንጋ ከመቀመጫው ተወርውሮ ተነሳ። «ይሄን ስትጠብቅ ኖረሃል!» ጓንቱን እንዳጠለቀ ያንኑ መንጋጋ መታው። ሀቢሶ በገመዱ መሃል ሾልኮ ከመድረኩ ሥር ወደቀ። ዳኛውና ባባ ማሴኮ ሉንጋን አንቀው ባይዙት ኖሮ ተከትሎት ይወርድ ነበር።

ሉንጋ ሆስፒታል በራጅ ሲታይ ከዓይኑ ሥር ያለው አጥንት ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ዓይኑ ተረፈ። ዳኛው ፊት ሰው በመምታቱ ግን አንድ ዓመት ታገደ። ባባ ማሴኮ የሐምሌውን ነገር ያን ጊዜ ሰምቶ ሀቢሶ ቤት ድረስ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ሉንጋ አልመጣም።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ወሬው ተዛመተና ሀቢሶ «ለጠላቱ የራራ ሰው» ተባለ። አንድ እሑድ ሽማግሌዎቹ ምስክርነት ስጥ አሉት፤ እምቢ አለ። ስንወጣ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ምን ብዬ ልመስክር?» አለኝ። «አጥንቱ በጣቴ ሥር ሲንቀሳቀስ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ደስ አለኝ። ሐኪሙን የጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ግን ጠራኸው እኮ።»

«ጠራሁት» አለና መንጋጋውን በመዳፉ ደገፈ። ያን ወር መጨረሻ እሱና ኤርጎጌ ዕቃቸውን ጭነው ጀርሚስተን ወደሚባል ሌላ ከተማ ሄዱ። እዚያ ሌላ ስፓዛ ከፍተዋል። ግጥሚያ ያለባቸው አሰልጣኞች አሁንም አንዳንዴ ይደውሉለታል፤ ስልኩን የምታነሳው ኤርጎጌ ናት፤ «የለም» ትላቸዋለች።