ለጠዋት ያቆየሁት መርዶ

ሱቄ ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር ውስጥ፣ በፀጉር ቤትና በልብስ ማጠቢያ መካከል የተሸጎጠች ናት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የጤፍ ዱቄት፣ ምስር፣ በሶና ጭኮ እሸጣለሁ። ምስሩን ለዛቫንሼ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ያለው ትልቁ ገበያ ከእኔ በረከሰ ዋጋ ይሸጠዋል፤ ሰው ግን እዚያ ወሬ ስለማያገኝ እኔ ጋ ይመጣል። ደንበኞቼ ቁጡ ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ወታደር የነበረ ሰው ከየጆንያው እየቆነጠሩ «ልቅመስና ልግዛ» ሲሉት ትዕግሥቱ ያልቃል።

ባንኮኒዬን ያቆምኩት በሩን እንዲያይ አድርጌ ነው። ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ መቀመጥ አልችልም። እሱ ግን በበር አይመጣም። ቀን ላይ፣ ሱቁ ጭር ሲል፣ ከዱቄት ጆንያዎቹ አጠገብ ቆሞ አገኘዋለሁ። አብሮኝ የዘመተ ጓደኛዬ ነው፤ ከሞተ ሠላሳ ምናምን ዓመቱ ነው። አይናገርም፣ ያየኛል ብቻ። ለሐኪም ብነግረው ክኒን ሰጠኝ፤ ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ጸበል ሰጡኝ። ሁለቱንም ወሰድኩ። እሱም መምጣቱን አልተወም። እፈራዋለሁ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ኀፍረቱ ይብሳል።

ሠራዊቱ ፈርሶ ወደ ሱዳን ድንበር በእግራችን ስንጎርፍ ጭኑን ተመታ። ሁለት ቀን ደግፌ ወሰድኩት። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ግራር ሥር ሞተ። አካፋ የለኝ፣ ጉልበት የለኝ፣ ተኩሱ ደግሞ እየቀረበ ነው። ፊቱን በሸሚዙ ሸፍኜ ሌሎቹን ተከትዬ ሮጥኩ። ጅብ የሚበዛበት አገር ነው፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ገዳሪፍ በስደተኛ ሰፈር ሳለሁ አንድ ዓይና አጎቱ ከአዲስ አበባ ድረስ ሊፈልገው መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰውዬው ከጭነት መኪና መውረዱ ነው፤ እህል በአፉ አልዞረም። የየትኛው ጦር ክፍል እንደነበርኩ ሰምቶ ክንዴን ያዘኝና «አየኸው ወይ?» አለኝ። በእኛ ወግ መርዶ እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ላይ፣ ብቻውን ለቆመ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ለቅሶውን የሚይዝለት ወገን ባለበት ነው። እናም ለጠዋት ማቆያ ትሆነኛለች ብዬ «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ ወደ ካርቱም አልፏል» አልኩት። በዚያው ማታ ሁለት ሽማግሌዎች ለመንኩ። ጎህ ሲቀድ ወዳደረበት ስንደርስ ሰውዬው የለም። መኪና አግኝቶ ምሥራቹን ይዞ ተመልሷል።

የቤተሰቡን አድራሻ አላውቅም ነበር እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ቀበሌውን ከጓደኛዬ አፍ ሰምቼ በቃሌ ይዤው ነበር። ስንት ጊዜ ብዕር አንሥቼ አስቀመጥኩ። «ዋሽቻችሁ ነበር» ተብሎ እንዴት ይጻፋል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት ግን እያደር ሻገተ።

አምና በፍስክ ወራት አንዲት ሴት ወደ ሱቄ መጣች። ለዘመድ ልጅ ክርስትና ነው ጄኔቭ የመጣችው፤ ኑሮዋ ዙሪክ አጠገብ፣ ዋሊሰለን ነው። በሶ ለእናቷ ጠየቀችኝ።

«ለእናት ከሆነማ ጭኮ ውሰጂላት» አልኳት።

«ቅቤ አትቀምስም።»

«ፍስክ አይደለም እንዴ? ከጳጳሱ በላይ ልትጾም ነው?» ብዬ ቀለድኩ።

«ወንድሜ ከዘመተ ጀምሮ ነው ጋሼ። እሱ እስኪመለስ ቅቤ በአፌም በራሴም አይዞርም ብላ ተስላለች። አንድ ዓይና አጎት ነበረን፤ ገዳሪፍ ድረስ ሄዶ፣ በዓይኑ ያየው ወታደር አግኝቶ መጣ። ይኸው እስከ ዛሬ ትጠብቃለች።»

በሶውን ሰፈርኩ። የገንዘቧን መልስ ሰጠኋት። ወታደሩ እኔ ነኝ አላልኩም። ስልኳን ግን «ዕቃ ሲገባ ልደውልልሽ» ብዬ ተቀበልኳት። ሳምንቱን ሙሉ አልበላሁም፣ ለደንበኛም ክፉ ሆንኩ። በስምንተኛው ቀን ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«እናቴ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው» አለችኝ። «ልቧ ደክሟል፤ ሐኪሞቹ ብዙም አትቆይም ብለውናል። ይህን ብትሰማ ብትሞትብኝስ?» በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለች። «ኑ» አለችኝ። «ሳታውቅ ሄዳ በሰማይ ቤት ብታገኘው፣ ምን ትለኛለች?»

ዙሪክ አድሬ፣ አንድ ቄስና አንዲት አዛውንት ሴት ይዤ በንጋት ዋሊሰለን ደረስኩ። ልጅቱ ከፎቁ ወርዳ አስቆመችን። የሕንፃው ደንብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ድምፅ አይፈቅድም፤ የታች ቤቱ ሰውዬ ፖሊስ ይጠራል። ስለዚህ መርዶ ነጋሪዎች እንደ ሌባ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሰዓት እያየን ቆምን። ቄሱ ይጸልያሉ። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ አመልጥ ነበር።

እናትየው አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ሦስታችንን ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ቄሱ የሚናገሩትን ከተናገሩ በኋላ ተንበርክኬ ሁሉንም አወጣሁት፦ ጭኑን፣ ግራሩን፣ መሮጤን፣ ገዳሪፍን። ቄሱ ይብቃህ በሚል ዓይን ቢያዩኝም አላቆምኩም። ልጅቱ አፏን በትራስ አፍና ታለቅሳለች። እናትየው አልጮኹም።

«ማን ቀበረው?» አሉኝ።

«ማንም አልቀበረው፣ እማማ።»

እጄን ጎትተው አስጠጉኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«ይህን ሁሉ ዓመት በውሸትህ አኖርከኝ። አሁን ደግሞ ለእኔ ብለህ ዋሽ። ለቀስተኛ ሲመጣ በእጄ ቀበርኩት በል። ልጄን አውሬ በላው ሲባል አልሰማም።»

ለቅሶው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሆነ። እናትየው ከጎናቸው፣ የወንድ ልጅ ቦታ ላይ፣ እኔን አስቀመጡኝ። የዙሪክ ሐበሻ ሁሉ መጣ። እንደኔ ወታደር የነበሩም መጡ። «አንተ ነህ የቀበርከው?» ይሉኛል። «እጅህ ይባረክ። ስንቱ ወገን ሜዳ ላይ ቀርቷል።» አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመው። መንጠቅ ፈለግሁ፤ እናትየው እያዩኝ ስለነበር ተውኩት።

አንዲት ሴት ቦታው እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ። ጥላ ያለው ቦታ እንደነበር ነገርኳት። ጥልቅ አድርጌ ቆፈርኩ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አደረግሁት አልኳት። አዳራሹ ሁሉ ይሰማል። እናትየው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ድንጋይስ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ድንጋይ ከምረህበታል አይደል?»

«ከምሬበታለሁ እማማ» አልኳቸው። «ብዙ ድንጋይ።»