እያስተረጎምኩ የደበቅኩት ሕመም

መጀመሪያ ጫማዬ ጠበበኝ። የበኩር ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ሆሳዕና ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ቆሜ ስለምውል የእግሬ ማበጥ አልገረመኝም። ፊቴ ሲነፋ ደግሞ አማቴ እልል አሉ፤ "ጌታ ይመስገን፣ ቤታችን ተስማማት!" ወፈርሽ መባል እኛ ዘንድ ሙገሳ ነው። ራስ ምታቱን ግን ለማንም አልነገርኩም።

የፈራሁት ኦፕራሲዮኑን ነው። ጎረቤታችን ራሷን አሟት ብትሄድ "የደም ግፊት አለብሽ" ተብላ ሆዷ ተከፍቶ ወለደች፤ ሰው እስካሁን በሹክሹክታ ያነሳታል። ካልተናገርኩ የሌለብኝ መስሎኝ ነበር። ሞኝነት!

ጤና ጣቢያው በየወሩ ነፍሰ ጡሮችን ሰብስቦ ያስተምራል። የዚያን ቀን የመጣችው ሲስተር ሀዲይኛ አትችልም። "ቲቸር፣ እስኪ አንቺ አስተርጉሚልኝ" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ተነሳሁ።

ከባድ ራስ ምታት። አስተረጎምኩ። የፊት እብጠት። አስተረጎምኩ። የዓይን ብዥታ። እሱንም። ሦስቱም ነበሩብኝ። "ይህ የታየባት ዛሬውኑ ትናገር" ብዬ በገዛ አፌ ጨረስኩና ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ከሆመቾ የመጣች፣ እንደኔው የመጀመሪያዋን የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ትክ ብላ አየችኝና ሁሉም እየሰማ በሀዲይኛ፣ "ቲቸር፣ ፊትሽ እኮ አብጧል። አንቺስ?" አለችኝ። ተናደድኩ። እንዴት በሰው ፊት! ሲስተሯ ሴትዮዋ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። እሱን ማስተርጎም አቃተኝ። ግፊቴን እንድትለካኝ ክንዴን ዘረጋሁላት።

ግፊቴ መቶ ሰባ በመቶ አሥር። ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን። አምቡላንስ ተጠራ።

"ፕሪኤክላምፕሲያ ነው፤ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት" አለ ሆስፒታል ያገኘኝ ዶክተር። "ብትቆዪ ኖሮ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጥሽ ነበር።"

"ልጄስ?"

"ሁለታችሁንም ለማትረፍ ነው የምንሮጠው።"

ማንቀጥቀጡን የሚከላከል ማግኒዥየም የሚባል መድኃኒት ሰጡኝ። ሰውነቴ ነደደ። ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ልጄ ወጣች። አላለቀሰችም። ቆይታ አለቀሰች።

ከወለድኩ ግፊቱ ወዲያው የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ለሳምንታት ኪኒን እየዋጥኩ፣ ስፌቱ እየጠዘጠዘኝ፣ ጡት ለመሳብ አቅም ላነሳት ልጄ ወተቴን አልቤ በኩባያ እየሰጠኋት፣ "እንኳን ጌታ ማረሽ" ብሎ ለሚመጣው ሁሉ ፈገግ ስል ውስጤ ዝሎ ነበር። አማቴ "ያዘናጋሁሽ እኔ ነኝ" እያሉ አልጋዬ ሥር ሲያለቅሱ እሳቸውን ማጽናናትም የኔ ሥራ ሆነ። አሁን ልጄ ትድሃለች፤ እኔ ግን ድካሙ ገና አልወጣልኝም፣ አልዋሽም።

ሐኪሞቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው። የሆመቾዋንም ሴት። በኋላ በሰላም መውለዷን ሰምቼ አለቀስኩ።

እናንተ የመጀመሪያችሁን የምትጠብቁ፣ ራሳችሁን ካመማችሁ ተናገሩ፤ ኦፕራሲዮን ያስፈራል፣ ግን ያልፋል። ትምህርቱ ላይ ስትቀመጡም አጠገባችሁ ያለችውን ፊቷን እዩላት፤ የተማረች ናት፣ ታውቃለች ብላችሁ አትለፏት። እኔ ዛሬ ልጅ ያቀፍኩት ሰው ስላየኝ ነው፤ እኔማ አልተናገርኩም።