አይዞሽ የማይባልበት ክፍል

የመጀመሪያው ቀን ቤይሩት ደክዋኔ ሰፈር ከሚገኘው የምክር ክፍል የደረስኩት ከሁሉም ቀድሜ ነው። ክፍሉ ከመኪና ጋራዥ በላይ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ፣ የሶፍት ካርቶንና የግድግዳ ሰዓት አለው። የልምምድ ኃላፊዬ ዶክቶራ ናዲን ሲገቡ ጠረጴዛውን ወልውዬ መስኮቱ ላይ ደርሼ ነበር።

«ተዪው ውብነሽ፤ ለዚህ አይደለም የመጣሽው» አሉኝ በዐረብኛ።

ልክ ናቸው። ግን እጄ ሲን ኤል ፊል ሰፈር በሰው ቤት ሠራተኝነት የለመደውን በአንድ ቀን እንዴት ብሎ ይረሳል? አዲስ አበባ በሥነ ልቦና ተመርቄ ሥራ ሳጣ ነው ቤይሩት የመጣሁት። ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ የሰው ምንጣፍ ሳራግፍ ኖርኩ። ለአማካሪነት ማስተርስ ስፈተን ማዳሜ «ካለፍሽ ማታ ማታ ትማሪያለሽ» አለችኝ። አለፍኩ፤ እሷም ቃሏን ጠበቀች። የመጨረሻው ዓመት ተግባራዊ ልምምድ ነው። በኃላፊ ዓይን ሥር ሰው ታነጋግሪያለሽ፤ እሱን ያላለፈ አይመረቅም።

ጓደኞቼ መሳቂያ አድርገውኝ ነበር። «እኛ በነፃ የምንመካከረውን አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ትማሪያለሽ?» ይሉኛል። አማካሪ ምክር እንደማይሰጥ ስነግራቸውማ ሳቃቸው ባሰ።

ሥራው ግን ሥርዓት አለው። ሰዓቱ ከተመካሪዋ ጀርባ ይሰቀላል፤ አንቺ እንጂ እሷ እንዳታየው። ሶፍቱ እጇ የሚደርስበት ይቀመጣል፤ አንስተሽ ግን አትሰጫትም። ከሁሉም የከበደኝ «አይዞሽ» ማለት መከልከሉ ነው። ለእኛ ሰው ይህ ጭካኔ ነው። ዶክቶራ ግን «ቶሎ ካጽናናሻት አቁሚ ያልሻት ይመስላታል። መጀመሪያ አልቅሳ ትጨርስ» አሉኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምላሴን ነክሼ ከረምኩ።

ትርንጎ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት፤ እዚያው ደክዋኔ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ለአንድ ቤተሰብ ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች። ያመጣቻት ማዳሟ ናት። በሩ ላይ ቆማ «አትተኛም፣ ዕቃ ትሰብራለች፣ ብቻዋን ታወራለች። መጅኑኔ ከሆነች ንገሩኝና ወደ አገሯ ልላካት» አለች። እብድ ከሆነች ማለቷ ነው። ትርንጎ ቤት እያሠራች፣ ወንድሟን እያስተማረች ነበር። የሚያስመልሳት ከእኛ የምትወጣ አንዲት ቃል ነበረች።

ትርንጎ ተቀመጠች፤ ሶፍቱን አልነካችም። «ሰዎች ይዶልቱብኛል» አለችኝ። «ከጓደኞቼ ጋር ስቀላቀል ወሬ ያቆማሉ። ዘይነባ እንኳ፣ እንደ እህቴ የማያት፣ ዓይኔን አታየኝም። ደሞ ያለ ወትሮዋ ምግብ ሠርታ ትልክልኛለች። ምን አድርገውበት እንደሆነ እንጃ ብዬ እደፋዋለሁ። ያኒ፣ ማለቴ፣ ራሴንም እየፈራሁት ነው።»

«እናትሽስ?» አልኳት፤ ስለ ቤተሰብ መጠየቅ የሥራው ወግ ነው።

«ጠበል ገብታለች፤ ስልክ አይሠራም እዚያ። እህቴን ስጠይቃት ድምፅዋ ይቀየራል። እሷም ከነሱ ጋር ናት።»

ነገሩን ጠረጠርኩት። ብድግ ብዬ ባቅፋት ደስ ባለኝ ነበር። አላቀፍኳትም።

ከቀጠሮው በኋላ ለዶክቶራ ሪፖርት አደረግኩ። በጥሞና ሰሙኝ። «እንቅልፍ የለም፤ ምግብ ተመርዟል ብላ ትፈራለች፤ ቤተሰቧም ጭምር ይዶልቱብኛል ትላለች። ወደ አእምሮ ሐኪም እንላካት» አሉ። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው።

«ዶክቶራ፣ እኔ የሚመስለኝ እናቷ ሞተዋል» አልኳቸው። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ሩቅ ላለ ሰው ሞት በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ኖሮ ነው የሚረዳው። እስከዚያ አገር ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ አያውቅም።

ዶክቶራ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው እናጣራ። ግን ያለ ፈቃዷ ማንንም አትጠይቂም። እስከዚያ ለማዳሟ ምንም አልናገርም።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዘይነባን ላነጋግራት እችል እንደሆነ ትርንጎን ጠየቅኋት። «ጠይቂልኝ እንጂ! ምን እንዳደረግኋት ጠይቂልኝ!» አለች።

ዘይነባ የኮምቦልቻ ሴት ናት፤ ባውሽሪዬ ሰፈር ቤት ተከራይታ በየቤቱ በተመላላሽነት ትሠራለች። ገና የትርንጎን ስም ስጠራላት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አርፈዋል፤ እናቷ አርፈዋል። በአላህ፣ እንዳትነግሪያት! ሰው በስልክ ይረዳል እንዴ? ስድስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ናት፤ ማን ይይዛታል? ሙሉ እሁድ ስታገኝ ብለን ነው የጠበቅነው፤ ማዳሟ ደግሞ አትለቃትም።»

«እሷ ግን አብጃለሁ እያለች ነው። ማዳሟም ልትመልሳት ነው።»

ዘይነባ አፏን በእጇ ያዘች። «በእኛ ምክንያት?» አለች።

ይህን ለዶክቶራ ስነግራቸው ሁለት ነገር አሉኝ። አትዋሺያትም፤ መርዶውንም አንቺ አትነግሪያትም። ቀጥለው ስልክ አነሱና ማዳሟን አገኟት።

«መጅኑኔ አይደለችም። የፊታችን እሁድን ሙሉ ቀን ስጫት፤ ሰኞንም እንዲሁ።»

«ለምን?»

«ሕክምናዋ ነው። ኸላስ፣ በቃ።»

እሁድ ጠዋት ትርንጎን ወደ ዘይነባ ቤት ራሴ ወሰድኳት። ዶክቶራ የላኩኝ «እንደ አማካሪ ሂጂ፣ እንደ ዘመድ አይደለም» ብለው ነው። ሚኒባስ ውስጥ ወደ እኔ ዞረች። «ዘይነባ ምን አለችሽ? አንቺም እንዳትዋሺኝ።»

«አልዋሽሽም። የነገረችኝ ነገር አለ፤ ከራሷ አፍ ትሰሚዋለሽ። እኔም አብሬሽ እሆናለሁ።»

እጄን ያዘችና እስክንደርስ አልለቀቀችኝም።

የዘይነባ በር ላይ የተደረደረውን ጫማ ስታይ ቆመች። ውስጥ ሴቶቹ ጥቁር ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል። ዘይነባ ተነስታ አቀፈቻትና «ትርንጎዬ፣ እናታችን አርፈዋል» አለቻት። ትርንጎ «እናቴን! እናቴን!» እያለች ወደቀች፤ የሚይዟት እጆች ግን ዝግጁ ነበሩ። ሁሉም አይዞሽ፣ አይዞሽ ይሏታል። እኔ አላልኩም። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት ቆየሁ። እንባዬ ግን ወረደ፤ እሱን ዶክቶራም አልከለከሉኝም።

ብዙ ካለቀሰች በኋላ ቀና ብላ በዓይኗ ፈለገችኝ።

«ውብነሽ፣ አላበድኩም ማለት ነው?»

«አላበድሽም።»

«እናቴ ሞታ ነው» አለች። «እናቴ ሞታ ነው እንጂ አላበድኩም።» እንደገና ለቅሶዋን ቀጠለች፤ የአሁኑ ግን የልጅ ለእናቷ ለቅሶ ነበር።

ልምምዱን አለፍኩ። ዶክቶራ በግምገማዬ ላይ ከእኔ ጋር በመሥራታቸው እንደተማሩ ጻፉ፤ እኔም ከእሳቸው ዝም ማለትን ተማርኩ። ያንን ባነበብኩበት ቀን የኮራሁትን ያህል በዲግሪዬም፣ ኋላ ላይ በሠርጌም አልኮራሁም። ትርንጎ ዛሬም ደክዋኔ ትሠራለች፤ ወንድሟን አስመርቃለች።

አሁን በዚያው ክፍል ተለማማጆች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ቀድመው መጥተው ጠረጴዛ የሚወለውሉ አሉ፤ ተዉት እላቸዋለሁ። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ሶፍቱና ስለ አይዞሽ ካስተማርኳቸው በኋላ ይህን እጨምርላቸዋለሁ፦ አንዲት ሴት የሚደብቁኝ ነገር አለ ካለቻችሁ፣ በሽታ ነው ከማለታችሁ በፊት የተደበቀ ነገር እንዳለ አጣሩ።