ግማሽ ጆንያ የቡና ገለባ

ከጂንካ የተነሳነው የሰርግ ፍየል ፍለጋ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ማርቆስ በቅርቡ ያገባል፤ እኔ ሚዜው ነኝ። የጂንካ ገበያ ፍየል ደግሞ በመምህር ደመወዝ የሚቀመስ አልሆነም። ሰሜን ላይ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ያልጨመረ ነገር ቢኖር የእኛ ደመወዝ ነው። ወሎ ያሉት እናቴና ወንድሜ ስልካቸው ከጠፋ ከርሟል። ስለ እሱ አላወራም፤ ስለ ዘይት ዋጋ ግን ሳወራ እውላለሁ።

የማርቆስ ተስፋ ቆላ ወርደው አርቦሬ ያሉት አዛውንት ጊኖ ናቸው። ከሟች አባቱ ጋር "ጃላ" ነበሩ፤ በስጦታ የተሳሰረ፣ ለልጅ የሚተላለፍ ወዳጅነት ነው። የማርቆስ ቤት ከደጋው አንድ ጆንያ የቡና ገለባ ይልካል፤ ቆላው ገለባውን አፍልቶ ይጠጣል። ከቆላው ሁለት ፍየል ይመጣል። ዘንድሮ ገለባውም ተወዶ የማርቆስ እናት የቻሉት ግማሽ ጆንያ ነው። ሲሸኙን ወደ እኔ ዞሩ።

"እዚያ ቤት ዋጋ አይነሳም። አንተ ልጅ፣ አፍህን ያዝልኝ።"

ወይጦ፣ ቀትር

ሚኒባሱ ከታሪፉ እጥፍ አስከፈለን። ተከራከርኩ። "ቤንዚን በሃይላንድ ነው የምንገዛው፣ ቲቸር" አለ ረዳቱ፣ መንገድ ዳር የተደረደሩትን የፕላስቲክ ጠርሙሶች እያሳየኝ። ከቀይ አፈር ከተማ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየበረታ፣ ግራሩ እየበዛ ሄደ።

ወይጦ ምሳ የበላንበት ቤት የዋጋው ሰሌዳ በጠመኔ ተጽፎ፣ ተጠርጎ፣ እንደገና ተጽፎ ነጭ ሆኗል። ሽሮ አዘዝን። ባለቤቷን በቆሎው ለምን እንዲህ እንደተወደደ ጠየቅኳት።

"ጭነት መኪናው ወደ ላይ፣ ወደ ሰሜን ሄዷል ይላሉ። እዚህ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ እሱም የፈለገውን ዋጋ ይጠራል" አለች። "ጦርነቱ እዚያ፣ ሂሳቡ እዚህ።"

ማርቆስ እንጀራውን እየቆረሰ አይበላም። ግማሹን ጆንያ እንደ ንቀት ቢያዩትስ? ፍየል ከሌለ ሰርጉ ይራዘማል፤ የሙሽራዋ ቤተሰብ ደግሞ አንዴ አራዝሞለታል።

አርቦሬ

በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን አቧራ ለብሰን ደረስን። ጊኖ ከግራር ጥላ ስር ትንሿ የእንጨት ባርኩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጆንያውን በአንድ እጃቸው አንስተው መዘኑት፤ መሬት አስቀመጡት። ፊታቸው ተለወጠ።

"ማነው የሞተው?" አሉ ዝግ ብለው። "እናትህ ናት?"

ማርቆስ ደነገጠ። ለካስ አባቱ በሞቱበት ዓመት ከማርቆስ ቤት የተላከው ግማሽ ጆንያ ነበር። በሁለቱ ቤቶች መካከል ግማሽ ጆንያ መርዶ ነው፤ ያኔ ሕፃን የነበረው ማርቆስ ይህን አያውቅም። እናቱም በችግር ብዛት ዘንግተውታል።

"እናቴ ደህና ናት፣ አባ። ማንም አልሞተም። ሰሜን ጦርነት አለ፤ በሱ የተነሳ ሁሉ ነገር ተወደደ።"

"ጦርነት አለ ትላለህ፤ ማንም አልሞተም ትላለህ።" ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጦርነት ካለ ሰው ሞቷል።" ከዚያ እኔን አዩኝ። "አንተ አገርህ የት ነው?"

"ሰሜን ነው፣ አባ።"

"ሰዎችህ አሉ?"

"አላውቅም" አልኩ። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም። ጊኖ ገለባው እንዲጣድ አዘዙ። ገለባው ሲፈላ የመጀመሪያውን ቅል ለእኔ ሰጡኝ።

ጠዋት ሁለት ፍየሎች ታስረው ጠበቁን። ማርቆስ አንዷ ትበቃለች ሊል አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

"ገለባ ይጎድላል። ፍየል በግማሽ አትሄድም።"

ጂንካ፣ ማታ

ፍየሎቹን ለማርቆስ እናት አስረክበን ቤቴ ገባሁ። ጉዞው ያስተማረኝ ቀላል ነገር ነው፤ ጦርነቱን ስለካው የኖርኩት በዘይት ነበር። ስለ ዘይት ማውራት ይቀላል፤ ሽማግሌው ከጎደለ ጆንያ ላይ መጀመሪያ የጠየቁት ግን ሰው ነው።

ባለቤቴ በሩ ላይ "ዘይት ደግሞ ጨመረ" አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መንግሥትንም ነጋዴንም ረግሜ ነው የምቀመጠው። "ቆይ" አልኳትና ወሎ ደወልኩ። አልገባም። ቁጭ ብዬ እንደገና ደወልኩ፤ እሷም የዘይቱን ነገር ትታ አጠገቤ ተቀመጠች።